በብልቃጡ ላይ የተጻፈው

(በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በሀገር ልጆች የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ እናቶች በነጠላ የተሸፈነውን ነገር ደጋግማችሁ ስታዩት አይቻለሁ። ምግብ አይደለም። ቡናው ከንግግሩ በኋላ ይፈላል ተብሏል፤ እስከዚያ ታገሡኝ። ከነጠላው ሥር ሦስት ጠርሙሶች አሉ፤ ሁለቱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ። ሦስቱም የመድኃኒት ቤት ጠርሙስ እየተባሉ የተሸጡልኝ ናቸው፤ አንደኛው ግን መድኃኒት ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም።

የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ቤት ማስዋብ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ሳሎኔን ያዩ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ስለ ማስዋብ የማውቀው ጥቂት ነው፤ የመጋረጃዬን ቀለም እንኳን የመረጠችው ልጄ ናት። ሥራዬ ፋርማሲስትነት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜበታለሁ። ስለዚህ ስለ ጠርሙሶቹ የምነግራችሁ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ስምንት እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ መደርደሪያውን ቀና ብላ አየችው። ወደ ሃያ የሚጠጉ ባዶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው መሰለኝ። ከዚያ በሐዘኔታ ድምፅ «ልጄ፣ በዚህ አገር ቆራሌው የለም እንዴ?» አለችኝ።

እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን ልንገራቸው፦ ቆራሌው ጆንያ አንግቶ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃና ባዶ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ነው። ድምፁ ገና ከታችኛው መታጠፊያ ሲሰማ ከአልጋ ሥር ጠርሙስ ለመልቀም እንሽቀዳደም ነበር። በቤታችን የባዶ ጠርሙስ ዕጣ ሦስት ነው። አፈ ሰፊ ከሆነ ታጥቦ ሚጥሚጣ ወይም ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል። አፈ ጠባብ ከሆነ ላምባ ይገዛበታል። ለሁለቱም ካልሆነ ለቆራሌው። ለጌጥ ይቀመጥ ያለ ሰው ቢኖር ጠበል ይወስዱት ነበር።

ይህን የእናቴን ክፍፍል ግን አትናቁት። የአውሮፓና የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያቸውን የሠሩት በዚሁ ነው። ለዱቄት፣ ለጨው፣ ለደረቅ ቅጠልና አበባ ማንኪያ የሚያስገባ አፈ ሰፊ ጠርሙስ፤ ለፈሳሽ በቀጭኑ የሚቀዳ አፈ ጠባብ። እናቴ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ሳትረግጥ የመጀመሪያውን ዓመት አልፋለች ማለት ነው።

ለእነዚህ ዕቃዎች በአማርኛ ከ«ጠርሙስ» የሚሻል ቃል አለን፤ ብልቃጥ። በወንጌል ሲነበብ የአልባስጥሮሱን ብልቃጥ የሰማ ሰው ቃሉ ምን እንደሚሸት ያውቃል። በዛሬው ንግግሬ ሁለቱንም እያቀያየርኩ እጠቀማለሁ።

አሁን ነጠላውን ልግለጠው።

የመጀመሪያው ይኸው። ቁመቱ ስንዝር ተኩል፣ ቀለሙ እንደ ጠጅ፣ አፉ ሰፊ፣ ውታፉ ራሱ ብርጭቆ ነው። ከፊቱ በወርቅ ቀለም የተከፈፈ ጽሕፈት አለበት፤ እርሱን በኋላ አነብላችኋለሁ። መጀመሪያ አያያዙን ልዩ።

በድሮ ጊዜ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ፈሳሽ ሲቀዳ ጠርሙሱን በቀኝ እጁ ያነሣል፤ ሲይዘው ጽሕፈቱ ወደ መዳፉ ይዞራል፣ እንዲህ። ለምን? ሲቀዳ አንዲት ጠብታ በጠርሙሱ ጎን መውረዷ አይቀርም። ጽሕፈቱ ከላይ ከሆነ ጠብታዋ ከጽሕፈቱ ተቃራኒ ወገን ትወርዳለች። ጠብታዋ አሲድ ወይም አልኮል ከሆነች ጽሕፈት ትበላለችና። መስፈሪያው በግራ እጁ ነው፤ ታዲያ ውታፉን በምን ይነቅላል? በዚያው በግራ እጁ ትንሽ ጣት። እንዲህ ቆልምሞ ይይዘውና ቀድቶ እስኪጨርስ ከመዳፉ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጠውም። ካስቀመጠው ይቆሽሻል፤ ከዚያም የባሰ፣ ከሌላ ጠርሙስ ውታፍ ጋር ይለዋወጣል። እኔ ይህን የተማርኩት ውታፍ ያለው ጠርሙስ ከሥራ ከወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አስተማሪያችን አረጋዊ ነበሩ፤ ጣታችንን እየቆለመሙ ያስተካክሉን ነበር።

ውታፉን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍል ፈዛዛ ነው፤ በረዶ የነካው መስኮት ይመስላል። ውታፉንና አንገቱን ከደቃቅ ጠንካራ ዱቄትና ከውሃ ጋር እርስ በርስ እያሹ ስለሚሞርዷቸው ነው። እስኪገጥሙ ድረስ ይፋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የአንዱ ውታፍ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይ ከውታፉና ከአንገቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጭሮባቸው ታገኛላችሁ። አሮጌ ጠርሙስ ስትገዙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ያንን ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ ውታፉ የጉዲፈቻ ልጅ ነው፤ ዋጋ አስቀንሱ።

ብርጭቆ ከመስፋፋቱ በፊት መድኃኒት በሸክላ ነበር የሚቀመጠው። ጣሊያኖች አልባሬሎ የሚሉት ወገቡ ሰርጎድ ያለ የሸክላ ዕቃ አለ፤ መነሻው ሶርያና ፋርስ ነው፣ በስፔን በኩል አድርጎ በ15ኛው መቶ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ገንኗል። ወገቡ የሰረጎደው ለቁንጅና እንዳይመስላችሁ። ዕቃዎቹ ተጠጋግተው ሲቆሙ ጣት የሚገባበት ቦታ እንዲኖር ነው። ከንፈሩ ወደ ውጭ የታጠፈውም አፉን በብራና ሸፍኖ በሲባጎ ለማሰር ነው። ግን ሸክላ ውስጡን አያሳይም፤ ቅቡም ከኮምጣጣ ነገር ጋር አይስማማም። ብርጭቆ ግን የተሰጠውን ጠብቆ ይመልሳል፤ አይጠጣም፣ አይቀይርም፣ ስንት እንደቀረ ያሳያል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት መደርደሪያውን የወረሰው በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በዓይናችሁ ማየት ብትፈልጉ ሩቅ አትሄዱም። እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ በደቡብ ፌርፋክስ ጎዳና የስቴብለር-ሌድቢተር መድኃኒት ቤት ሙዚየም አለ። ኤድዋርድ ስቴብለር የተባለ የኩዌከር እምነት ተከታይ በ1792 የመሠረተው ንግድ ነው፤ ከቤተሰቡ ሳይወጣ እስከ 1933 ሠርቶ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ተዘጋ። ዕቃው ለጨረታ ሲቀርብ አንድ ገዢ ጠቅልሎ ገዛውና እዚያው እንዲቆይ አደረገ፤ በ1939 ሙዚየም ሆነ። ብዙ ሙዚየም ከየቦታው የተለቃቀመ ዕቃ ነው የሚያሳየው፤ እዚህ ግን ጠርሙሶቹ ሲሠሩ በኖሩበት መደርደሪያ ላይ ናቸው። ፎቁ ላይ የደረቅ ዕፅ መሳቢያዎች አሉ፤ አንደኛው «የዘንዶ ደም» ይላል። ልጆች ይደነግጣሉ፤ ከዛፍ የሚወጣ ቀይ ሙጫ ነው። ከደንበኞቻቸው አንዷ የጆርጅ ዋሽንግተን ባለቤት ማርታ ነበረች። በኤፕሪል 1802 አንድ ጠርሙስ ምርጥ የጉሎ ዘይት ከነሂሳቡ እንዲላክላት ያዘዘችበት ወረቀት ተጠብቆ ይገኛል። በቀጣዩ ወር ዐረፈች። የጉሎ ዘይቱ ጥፋት አይደለም፤ አርጅታ ነበር።

ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችሁ በዚያ በር አልፋችኋል? ሁለት እጅ። በሳምንት ሦስት ጊዜ በአጠገቡ እያለፍን እንጀራ እንገዛለን።

እሺ፣ ወደ ጽሕፈቱ።

በእነዚህ ብልቃጦች ላይ የሚጻፈው ላቲን ነው፤ ያውም የተቆረጠ ላቲን። «ቲንክት» ካለ በአልኮል የተዘፈዘፈ ነው፤ «ፑልቭ» ዱቄት፤ «ሲር» ሽሮፕ፤ «ኦል» ዘይት፤ «ኡንግ» ቅባት። «ቲንክት. ሚር.» የሚል ብልቃጥ በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ ሞልቷል። ሚር ማለት ከርቤ ነው። ድዱ ለቆሰለ ሰው ይጉመጠመጥበት ነበር። ከርቤ የሚለቀመው ከእኛ ቆላና ከጎረቤቶቻችን ምድር ነው፤ እዚህ መጥቶ በወርቅ ቀለም ላቲን ተጻፈበት። እናቶቻችን ሕፃን በተወለደበት ቤት የሚያጨሱት ያው ከርቤ።

የተቆረጠ ጽሕፈት ግን አደገኛ ነው። «ሃይድራርግ. ክሎር. ሚቴ» እና «ሃይድራርግ. ክሎር. ኮሮስ» የሚሉ ሁለት ብልቃጦች አስቡ። ሁለቱም የሜርኩሪ ክሎራይድ ናቸው። ፊተኛው ካሎሜል ነው፤ ሆድ ለማስኬድ በዘመኑ ለሕፃን ሳይቀር ይሰጥ ነበር፣ ዛሬ ባይደረግም። ኋለኛው በጥቂቱ የሚገድል መርዝ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። ያችን ቃል አንዲት ጠብታ ብትፍቃትስ? ለዚህ ነው ጽሕፈቱን ለማዳን ያን ያህል የተጨነቁት። ወረቀት ለጥፈው በቫርኒሽ ቀቡት፤ አልበቃም። በእሳት የሚጋገር ቀለም ጻፉበት። አሜሪካኖች ደግሞ ስሙን በወርቅ ቅጠልና በቀለም ከቀጭን ጎባጣ ብርጭቆ በስተጀርባ እየጻፉ፣ ያንን ብርጭቆ ጠርሙሱ ላይ በተዘጋጀለት ጎድጓዳ ቦታ አጣበቁት። ፈሳሹ ቢወርድ የሚነካው ብርጭቆ ነው፤ ቃሉ ከሥር ተደብቋል። ከአንዳንዶቹ ሥር ዋልተን የሚል ስምና ሴፕቴምበር 23 ቀን 1862 የሚል የፈጠራ መብት ቀን ተቀርጾ ታገኛላችሁ። የእርስ በርስ ጦርነታቸው እየነደደ ሳለ አንድ ሰው ስለ ጠርሙስ ጽሕፈት ያስብ ነበር፤ ደግ አደረገ።

አሁን የእኔን አነብላችኋለሁ። «ፍሎር. ኩሶ.» ይላል።

ሳቃችሁ ገባኝ። አዎ፣ ኮሶ ነው። የኮሶ አበባ።

ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው ያገኘሁት። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የቅመም ስም መስሎታል። እኔ ግን መደርደሪያው ፊት ቆሜ ልጅነቴ አፌ ውስጥ መጣ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በባዶ ሆድ በጣሳ ቀርቦ፣ አንድ ሰው አፍንጫ ይዞ፣ ሌላው «ጎንጨት በለው! ጨልጠው!» እያለ። ሰው ሲጠላን እንኳን «እንደ ኮሶ መረርኩት» ነው የምንለው።

ኮሶ እንዴት እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ገባ? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ዛፉን ሥሎ ጽፎለታል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብሬየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቁስጥንጥንያ ውስጥ አግኝቶት ወደ አውሮፓ ወሰደው፤ ዛፉም ለጥቂት ጊዜ በእርሱ ስም ተጠራ። ዛሬ የሚታወቅበት ሳይንሳዊ ስም ግን ሀጌንያ አቢሲኒካ ነው። ሀጌንያ የተባለው በካርል ጎትፍሪድ ሃገን ስም ሲሆን ሰውየው በኮኒግስበርግ ከተማ የነበረ ፋርማሲስትና ኬሚስት ነው። የእኛ የኮሶ ዛፍ የያዘው የሙያ ባልደረባዬን ስም ነው ማለት ነው። ዛፉን በዓይኑ እንዳላየው እርግጠኛ ነኝ፤ ሲጠጣማ ቢያይ ኖሮ ስሙን ይመልስ ነበር። በዚያው መቶ ዓመት ኮሶ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕጋዊ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገባ። አሰጣጡንም እንደ እኛው ነው የጻፉት፤ የተፈጨው አበባ በፈላ ውሃ ይዘፈዘፍ፣ ሳይጠለል ይጠጣ። ሳይጠለል! በላቲን ተጻፈለት እንጂ አልጣፈጠም።

እናቴ ስነግራት አላመነችኝም። ብልቃጡን አንሥታ ውታፉን ከፍታ አሸተተችው። ምንም አይሸትም፤ አበባው ሲቆይ ኃይሉም ሽታውም ይጠፋል። «ይህን ነው በገንዘብ የገዛሽው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያው እያወረደች የምታሳየው እርሷ ሆነች።

ስለ ቀለም ልንገራችሁ፤ ቤት ለማስዋብ የሚገዙት በቀለም ነውና። ይህ የጠጅ ቀለም ከብረትና ከድኝ የሚመጣ ነው። ሥራው ብርሃን መከልከል ነው። ብዙ መድኃኒት ብርሃን ሲያየው ይበላሻል፤ ከብርሃኑ የሚያበላሸው ክፍል ደግሞ ሰማያዊውና ከዚያ ወዲያ ያለው የማይታየው ነው። ቡናማ ብርጭቆ ያንን ያስቀራል። ዛሬ ከፋርማሲ የምትቀበሉት ብርቱካናማ የፕላስቲክ ዕቃ የዚህ ብልቃጥ የልጅ ልጅ ነው፤ ቀለሙን የወረሰው ከእርሱ ነው። ሁሉም ሰው የሚወደው ሰማያዊው ግን፣ ያ የኮባልት ሰማያዊ፣ ለዚህ ሥራ ሰነፍ ነው። ጎጂውን ብርሃን ያሳልፋል። ያምራል፤ አይጠብቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ሰማያዊው ሌላ ሥራ ግን ነበረው። ሁለተኛዬን ላንሣ። ትንሽ ናት፣ ስድስት ጎን አላት፣ በጎኗ ዘርዘር ያሉ እብጠቶች ቆመውባታል። ዓይናችሁን ጨፍኑና ዳብሷት። ይህች የመርዝ ጠርሙስ ናት። በሻማና በፋኖስ ዘመን፣ ሌሊት ራሱን ያመመው ሰው በጨለማ እጁን ወደ መደርደሪያ ሲሰድ ጣቱ ቀድሞ እንዲደነግጥ የተሠራች።

ለምን ይህን ያህል ተጠነቀቁ? በ1858 በእንግሊዝ አገር፣ በብራድፎርድ ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ስኳር ውድ ስለነበር ከረሜላ ሠሪዎች በርካሽ ነጭ ዱቄት፣ በጂፕሰም፣ ያበዙት ነበር። አንዱ ከረሜላ ሠሪ ዱቄቱን እንዲያመጣ ሰው ላከ። መድኃኒት ሻጩ ታሞ ተኝቷል፤ ረዳቱ ከጥግ ካለው በርሜል አምስት ኪሎ ተኩል የሚሆን ነጭ ዱቄት ሰፍሮ ሰጠ። አርሴኒክ ነበር። በርሜሉ ላይ በወጉ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከረሜላው በቅዳሜ ገበያ ተሸጠ። 20 ያህል ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ልጆች፤ ከ200 በላይ ታመመ። ለፍርድ የቀረቡት ሁሉ ነጻ ወጡ፤ የጣሱት ሕግ አልነበረማ። በ1868 የወጣው የፋርማሲ ሕግ መርዝ ማን እንደሚሸጥና ዕቃው ላይ ምን እንደሚጻፍ የደነገገው ከዚህ ዓይነቱ ለቅሶ በኋላ ነው።

ብራድፎርድ ሩቅ ነው አትበሉ። ላምባ ይገዛበታል ያልኳችሁ አፈ ጠባብ ጠርሙስ በእኛ ቤት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አራት ዓመቱ ነው፣ ከጨዋታ ጠምቶት መጣ፣ አነሣና ተጎነጨ። ለአንድ ሳምንት ሳንባው ሲያፏጭ ሰማን፤ ተረፈ፣ ተመስገን። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ አሁንም ከጠርሙስ ሲጠጣ መጀመሪያ ያሸታል። ፋርማሲስት የሆንኩት በዚያ ምክንያት ነው ብል ውሸት ይሆናል። ጠርሙስ ላይ ያለ ጽሕፈት ሳላነብ እንዳላልፍ ያደረገኝ ግን እርሱ ነው። አሜሪካ በ1970 ባወጣችው ሕግ ምክንያት የመድኃኒት ክዳን ለልጅ እንዳይከፈት ሆኖ ሲሠራ፣ እኛ ባንኮኒው ላይ «አልከፈትልኝ አለ» የሚል ወቀሳ በየቀኑ እንሰማለን። ልጅ አላችሁ? እንግዲያው አይከፈትላችሁ።

በመስኮት ስለሚሰቀሉት ትልልቅ ባለቀለም ውሃ ጠርሙሶች ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የማያነብ ሰው መድኃኒት ቤቱን በምልክት እንዲያገኝ የተሠሩ ናቸው፤ ማታ ከኋላቸው መብራት ይደረግና መንገዱ ይቀላል። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት በአሞንያ ሲበጠበጥ የሚወጣ ነው፤ ከሰማይ ይልቅ ይጠቁራል። አንድ ነገር ብቻ፦ ክብ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አታስቀምጡ። ውሃ የሞላ ክብ ብርጭቆ ፀሐይን እንደ ማጉያ መነጽር ይሰበስባል፤ መጋረጃ አቃጥሎ ያውቃል።

ሦስተኛዬ ይቺ ናት። ከቤት ዕቃ ሱቅ፣ ሃያ ሁለት ዶላር። እግር አላት፣ ክዳኗ እንደ ጉልላት ነው፣ «የመድኃኒት ቤት ብልቃጥ» ይላታል ካርቶኑ። ቅርጿ የመጣው ከመደርደሪያው ሳይሆን ከባንኮኒው ላይ ነው፤ ከረሜላና ለጉሮሮ የሚመጠጥ ነገር እያሳዩ ከሚሸጡበት ዕቃ። ክዳኗ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይዘጋም፤ ኮሶ ብታስቀምጡባት በሳምንቱ ይነፍሳል። አልጠላኋትም። ጥጥ አድርጉባት፣ ቡና አድርጉባት፣ የልጅ ብስኩት አድርጉባት፤ ለምግብ የምትሆነው ይቺ ብቻ ናት። በአሮጌዎቹ ምግብ አታስቀምጡ። አንገታቸው ውስጥ፣ በሞረዱት ፈዛዛ ቦታ፣ ማን ምን እንደተወ ስለማይታወቅ ታጥቦ ጠራ አይባልም።

ቤት ለማስዋብ ከፈለጋችሁ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አሥር አዲስ ከመደርደር አንድ እውነተኛ ግዙና ብቻውን አቁሙት፤ ጽሕፈቱን ሰው በሚያነብበት ከፍታ። መታጠቢያ ቤት አይወደውም፤ እንፋሎት ከጽሕፈቱ ሥር ይገባና ወርቁን ያላቅቀዋል። ለማጽዳትም ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ በረጠበ ጨርቅ ዙሪያውን ብቻ። ፀሐይ ላይ የቆየ የአሜሪካ ነጭ ብርጭቆ ሐምራዊ ቀለም ሊያመጣ ይችላል፤ ድሮ ብርጭቆ ለማንጣት ይጨምሩበት የነበረው ማንጋኒዝ ነው። ፈዘዝ ያለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። እንደ እንጆሪ ጭማቂ የደመቀ ከሆነ ግን ሻጩ በጨረር አጥቁሮት ይሆናልና እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።

ውታፉ ቢጣበቅስ? የመጀመሪያዬን ጠርሙስ የሰበርኩት በራሴ ጉልበት ነው፤ ጠባሳው ይኸው አውራ ጣቴ ላይ። መጎተት የለም። በውታፉ ዙሪያ አንድ ሁለት ጠብታ ግሊሰሪን ጣል አድርጉና ሌሊቱን ተዉት። ጠዋት አንገቱን ለብ ባለ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ አንገቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ውታፉ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ ንኩት። እንቢ ካለ ተዘግቶ ይኑር፤ ምን አስቸኮላችሁ?

ውስጡ አንዳች ነገር የቀረበትን ጠርሙስ ግን ጭራሽ እንዳትነኩት። ይህን በቀልድ አልናገርም። የደረቀ ፒክሪክ አሲድ ከውታፉ ጋር ሲፋተግ ይፈነዳል፤ ያረጀ ኤተርም እንዲሁ ጠንቀኛ ነው። እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ባለበት ተዉትና ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ደውሉ።

አሁን ጠርሙሶቹ በየተራ ይዙሩ። ከፊት ወንበር እንጀምር። በሁለት እጅ ያዟቸው፣ ውታፋቸውን አትሳቡ፣ ጽሕፈቱ ወደ መዳፋችሁ ይሁን። ጥያቄ ያለው ካለ እስኪዞሩ ድረስ እሰማለሁ።

ከፊት ረድፍ ነጭ ጋቢ የደረቡ እናት እጃቸውን አነሡ። የኮሶው ብልቃጥ ከእርሳቸው ዘንድ ደርሷል፤ ከደረታቸው አርቀው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ውስጡ ኮሶ አለበት?»

«የለበትም እማማ። ባዶ ነው።»

«እንኳን!» አሉና ለጎረቤታቸው አሳለፉት።